ኳሷ ያለችበት እጅ

ሰውየውን «ደቂቃ» ብለው የሰየሙት በመጣ በማግስቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሻይ ዘግየት ብለው የተመለሱትን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። አልተቆጣም፣ አልተናገረም፤ የእጅ ሰዓቱን ብቻ ወደ ፊታቸው አስጠጋ። በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲል ሬዲዮ «ዝም በሉ፣ ደቂቃ መጣ!» አለች። በቃ፣ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ሬዲዮ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። ወሬ እሷ ዘንድ ካደረ ይሻግትባታል፤ ስለዚህ በትኩሱ ለሰው ታካፍላለች። ክፋት የላትም ይሏታል። ክፋት የሌላት ሰው ስንቱን እንዳጣላች ግን የቆጠረ የለም።

ደቂቃ ወጣት አዋላጅ ነው። የመጣው ለሦስት ሳምንት ሊያሰለጥናቸው ነው፤ ተወልዶ አልተነፍስ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ፣ ወላድ ደም ሲፈሳት በምን እንደሚያዝ። ብዙዎቹ ሥልጠናውን እንደ ዋዛ አዩት። ወንበር አለ፣ ሻይ አለ፣ ከሥራ ማረፍ አለ።

ለችኮ ግን ዋዛ አልነበረም።

ችኮ ያለቻት እናቷ ናት። ሦስት ዓመቷ ላይ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ አጥልቃ፣ «ተሳስተሻል» ሲሏት አላወልቅም ብላ ቀኑን ሙሉ እየተንገዳገደች ዋለች። ያኔ የወጣላት ስም ሃያ ስድስት ዓመቷም ላይ አልለቀቃትም። እናቷ በዚሁ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት የማዋለጃ ክፍሉን አንሶላ አጥባለች። ልጅቷ ያደገችው በዚያ አንሶላ መሀል እየተሯሯጠች፣ ከመስኮቱ ወዲያ የሚያለቅሱ አራስ ልጆችን ድምፅ እየሰማች ነው። ነርስ ሆና አራት ዓመት ቁስል ጠርጋለች፣ ክትባት ወግታለች። ልቧ ግን ያለው እዚያ ክፍል ነው። አሁን በክፍሉ አንድ ቦታ ተከፍቷል። ፈተናውን ካለፈች የእሷ ነው፤ ከወደቀች ካርድ ክፍል ትገባለች።

በመጀመሪያው ቀን ደቂቃ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ይሄ ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ አይሞትም። ምኑ ያስደነግጠናል?»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። አሻንጉሊቱን አንሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ ሆዱን ለብ ባለ ውሃ ሞልቶታል። በሁለት እጁ አቅፎ አመጣና ክንዷ ላይ አኖረላት። ልክ እንደ አራስ ልጅ ከበደ፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሊወድቅ ሲል ሳታስበው መዳፏ አንገቱ ሥር ገባ።

«አሁንስ?» አላት።

እጇ አንገቱን እንደደገፈ ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

የአሻንጉሊቱ ነገር እንዲህ ነው። ከጀርባው ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ እንቁላል የምታህል የጎማ ኳስ አለች። ኳሷን የሚይዘው አሰልጣኙ ነው። ሠልጣኙ ልጁን አድርቆ፣ ጀርባውን አሽቶ፣ አልተነፍስ ሲል ማስኩን አፍና አፍንጫው ላይ ይገጥምና አምቡ ባግ በሚሉት ፊኛ አየር ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መጀመር አለበት። ማስኩ በደንብ ከገጠመ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሠላሳ ጊዜ በትክክል ከሰጠው አሰልጣኙ ኳሷን ይጨብጣል፤ ልጁ ያለቅሳል። ካልጨበጠ ልጁ ዝም ነው።

ችኮ በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን አንድም ቀን አላስለቀሰችውም። ማስኩ ያፈተልክባታል፣ አንገቱ ይታጠፍባታል። ሌላው ሰው አስር ሰዓት ሲሆን ቦርሳውን አንሥቶ ሲወጣ እሷ ቁጭ ትላለች።

«ሰዓት አልቋል» ይላታል ደቂቃ።

«ያንተ ሰዓት ነው ያለቀው።»

እሱም ይቀመጣል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ፣ እሷ «ጫን… ለቀቅ፣ ለቀቅ፤ ጫን… ለቀቅ፣ ለቀቅ» እያለች ትቆጥራለች፤ እሱ ኳሷን ይዞ ይጠብቃል። አንገቱን ሲያስተካክልላት ጣቱ ጣቷን ይነካል። ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናሉ። ቆጠራው ግን ይጠፋባታል።

«ሃያ አራት ነበር ሃያ አምስት?»

«አስራ ዘጠኝ» ይላታል ሳቁን ውጦ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጁ አለቀሰላት። አንዴ ሳይሆን ሦስቴ በተከታታይ። ያን ዕለት ከመሄዳቸው በፊት ጠየቀችው።

«ሰዓት እንዲህ የምታመልከው ለምንድነው?»

ኳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «መጀመሪያ የተመደብኩበት ቦታ አንድ ልጅ ተወለደ፤ አልተነፈሰም። አምቡ ባጉ አዲስ ስለነበር እንዳይበላሽ ቁምሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አራት ደቂቃ ቁልፍ ስፈልግ ነበር።»

«አገኘኸው?»

«ቁልፉን አገኘሁት።»



«እናትየዋ ምን አለችህ?»

«የቻልከውን አደረግክ ብላ አመሰገነችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ችኮ ማጽናናት አታውቅበትም። «አይዞህ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አሻንጉሊቱን ወደ ፊቷ ሳበችና «በል ሰዓቱን ያዝ፤ አንዴ ልድገመው» አለችው። እሱ ቀና ብሎ አያት፤ ብዙ ጊዜ አያት። እንዲህ ዓይነቱን አይዞህ ከማንም ሰምቶ አያውቅም።

«ሥልጠናው ሲያልቅ የምጠይቅሽ ነገር አለ» አላት።

«ምነው አሁን ብትጠይቀኝ?»

«አሁንማ ፈታኝሽ ነኝ።»

«ስታፈጥብኝ ግን ፈታኝ አትመስልም።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያች ሰዓት በመስኮቱ አጠገብ ሬዲዮ ታልፍ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ችኮ ወሬውን የሰማችው ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ከእናቷ አፍ ነው።

«አስተማሪሽን ልታገቢው ነው አሉ?» አለች እናቷ ልብስ እያጠፈች።

«ማን ነው ያለው?»

«ማን ያላለ አለ?»

«እማዬ፣ እኔ የምፈልገው ማለፍ ነው።»

«እሱን ነው የፈራሁት። ብታልፊም አሳለፋት ይሉሻል።»

የፈተናው ዕለት ደቂቃ ጠዋት ሰላም አላላትም። ሌሎቹን በየተራ ሲፈትን ከወረቀቱ ቀና አላለም። ከግድግዳው ጥግ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ተቀምጠዋል። እትዬ ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ፣ ሳይናገሩ የሚያስፈሩ ሴት ናቸው። ሌላው ሰው ዙሪያውን ቆሟል። አንዱ ማስኩን እስኪገጥም ሰባ ሰከንድ ፈጀ፣ ያም ሆኖ አለፈ። ሬዲዮ ማስኩን ገልብጣ ጀምራ አስተካከለች፣ አለፈች።

ተራዋ ሲደርስ ችኮ ጓንቷን አጠለቀች። አደረቀችው። ጀርባውን አሸችው። አልተነፈሰም። አንገቱን አቃናች፣ ማስኩን ገጠመች። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ከሰው መሀል አንዱ «እህ» ሲል ሰማች። ጫን… ለቀቅ፣ ለቀቅ። ደረቱ ከፍ አለ፤ በዓይኗ አየችው። አስር። ሃያ። ሠላሳ።

ልጁ ዝም።

ሠላሳ አምስት። አርባ። ወደ ደቂቃ አየች፤ ወረቀቱን እያየ ነው። ማስኩ አፈትልኮ ይሆናል ብላ አነሣችው፣ መልሳ ገጠመችው። አንገቱን ነካካችው። ላቧ ቅንድቧን አልፎ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሃምሳ።

«ደረቱ ይነሣል እኮ… አይነሣም እንዴ?» አለች፤ ማንን እንደምትጠይቅ አላወቀችም።

«ልጁ አልተነፈሰም» አለ ደቂቃ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ይበቃል።»

 እትዬ ወደ ደቂቃ አዩ፣ ወደ ችኮ አዩ፤ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ችኮ ጓንቷን አውልቃ፣ እጥፍ አድርጋ መጣያው ውስጥ ጣለች። በሩ ላይ ስትደርስ እጇን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው እጅ ነው። አላወቀችውም።

ችኮ የተመደበችበት ካርድ ክፍል መስኮቷ ጠባብ ናት፤ በመስኮቷ ሰው ደብተሩን ያቀብላል፣ ስሙን ይናገራል። ደቂቃ የተሠለጠኑትን በሥራ ላይ እያየ ለአንድ ወር እንዲቆይ ተወስኖ ነበርና በየቀኑ በዚያች መስኮት በኩል ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ቆመ።

«ላናግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«የካርድ ቁጥር አለህ?»

«ችኮ…»

«ካርድ ከሌለህ ወረፋ አትዝጋ።»

ከኋላው የቆሙት አሮጊት «ልጄ፣ እሺ በላትና እለፍ፤ እኔ እግሬን አሞኛል» አሉት። አለፈ።

ቤት ስትገባ ከእናቷ ጋር እንኳ አታወራም። የጎረቤት አራስ ልጅ እንድታቅፍ ሲሰጧት እጄ ቆሽሿል ብላ አልተቀበለችም። እጇ አልቆሸሸም። እናቷ አየቻት፤ ምንም አላለችም። ያቺ ሴት የማትናገረው ነገር ሲከብዳት ነው።

አስራ አንደኛው ቀን ጠዋት እትዬ አንዲት የታመመች ወላድ ይዘው በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዱ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ደቂቃና ሬዲዮ ቀሩ። ወዲያው ሌላ ወላድ እየተጯጯኸች መጣች፤ ባሏ ካርድ ሳያወጣ አስገባት። ችኮ ወረፋውን አስተናግዳ ስትጨርስ ካርዱን ጽፋ ራሷ ይዛው ሄደች። በሩን ገፋ ስታደርግ ሬዲዮ ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች ወጣች፤ «ግሉኮስ! ዶክተሩን!» እያለች በአጠገቧ አለፈች።

ክፍሉ በደም ተጥለቅልቋል። እንግዴ ልጁ ከሕፃኑ ጋር ተከታትሎ ወጥቶ ደሙ እንደ ቧንቧ ወርዷል። ደቂቃ ደም ማቆሚያውን መርፌ ወግቷል፤ አሁን አንዱን እጁን ከታች፣ አንዱን ሆዷ ላይ አድርጎ ማህፀኗን በመሀል ጨምቆ ይዟል።  ከለቀቀ ሴትየዋ ታልቃለች። ጎኑ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ እትብቱ የተቆረጠ፣ በፎጣ የደረቀ ወንድ ልጅ ተኝቷል። አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ግቢ!» አላት። «ጓንት አድርጊ። አሽቼዋለሁ፣ አልተነፈሰም። አምቡ ባጉ ራስጌው ነው።»

«ሬዲዮ ትመለስ…»

«እሷ እስክትመለስ አይደርስም። ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«ልጄ ለምን አያለቅስም?» አለች ወላዷ በደከመ ድምፅ። 

ካርዱ ከችኮ እጅ ወደቀ። ጓንቱን እንዴት እንዳጠለቀችው አታውቅም። አንገቱን አቃናች፣ ማስኩን ገጠመች። ጫን። ደረቱ ከፍ አለ። ለቀቅ፣ ለቀቅ። ጫን። ከፍ አለ። ልጁ ዝም። ያን ጊዜ የፈተናው ቀን መጣባት፤ ያው ደረት፣ ያው ዝምታ፣ ያው «ይበቃል»። እጅ እግሯ ተሳሰረ።

«ምን ሆንሽ? ቀጥይ!»

«አይሆንልኝም! ያን ቀንም እንዲህ ነበር! ደረቱ ይነሣል፣ ልጁ አይተነፍስም! የእኔ እጅ…»

«እጅሽ ልክ ነው!»

«አትዋሸኝ!»

«ያን ቀንም ልክ ነበር!» ጮኸ። «ሠላሳውንም ቆጥሬያለሁ፣ ሠላሳውም ልክ ነበር። ኳሷን ያልጨበጥኩት እኔ ነኝ! ሰማሽኝ? እያወቅኩ ነው ያልጨበጥኩት! አሁን አየር ስጪው!»

ሬዲዮ ግሉኮሱን ታቅፋ በሩ ላይ ደርቃ ቀርታለች።

ችኮ ጎንበስ አለች። ጫን… ለቀቅ፣ ለቀቅ። ጫን… ለቀቅ፣ ለቀቅ። በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት የተናደደችበት ጊዜ የለም፤ እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም። ንዴቱ ሁሉ ወደ ሌላ ሰውነቷ ሄዶ እጇን ነጻ የለቀቀላት ይመስል ነበር። ሃያ። ሠላሳ። አርባ። ከንፈሩ ወይን ጠጅ ሆነ። ሃምሳ ሁለት ላይ አገጩ ነቀነቀ። ሃምሳ ስምንት ላይ ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ አንድ ጊዜ ተንፈራገጠ፣ ከዚያም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ ጮኸባቸው።

ዶክተሩ እየሮጠ ገባ። ደሙም ቀነሰ። ወላዷ «አለቀሰ? የእኔ ነው?» ትላለች፤ ችኮ ልጁን ደረቷ ላይ አስተኛችላት፣ በፎጣ ሸፈነችው። ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ አንሶላ በተሰጣበት፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ደቂቃ መጣ። እጁን እስከ ክርኑ ታጥቧል፤ ጋውኑ ላይ ግን ደሙ አለ። ለመቀመጥ አልደፈረም።

«ያልከው እውነት ነው? ወይስ እንድበረታ ብለህ ነው?»

«እውነት ነው።»

«ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ደግ ሰው ነህ እል ነበር።»

ራሱን ደፋ። «ያን ጠዋት ሻይ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ሲያወሩ ሰማሁ። ‹እሷ ምን ትጨነቃለች፣ ኳሷ ያለችው በወዳጇ እጅ ነው› ሲሉ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሠላሳ ስትደርሺ ሁሉም እጄን አዩት። እጄን ነው ያዩት እንጂ አንቺን ያየ የለም። ትንሽ ልቆይ፣ አርባ ትሙላ፣ ማንም እንዳይናገራት አልኩ። ስትቆሚ፣ ማስኩን ስታነሺው… ከዚያ መመለስ አቃተኝ።»

«ለእኔ ብለህ ነው በለኛ።»

«አይደለም። ለስሜ ብዬ ነው።»

«አስራ አንድ ቀን» አለች፣ «አስራ አንድ ቀን ይሄ እጅ ይገድላል እያልኩ ነው ያደርኩት። የሰው ልጅ ማቀፍ ፈራሁ። ቅድም ቆሜ ነበር እኮ! ያ ልጅ ቢሞት የሚሞተው እኔ ስለቆምኩ ነበር፤ የቆምኩት ደግሞ ባንተ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አምቡ ባጉ ቁምሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ልጅ ሞተብኝ ስትለኝ አዝኜልህ ነበር። አንተስ በእኔ ላይ ምን ቆለፍክ?»

 ከአጠገቡ ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ደቂቃ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ወረቀትም አልያዘም። ያደረገውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ የሰማውን ሐሜት ግን ማን እንደተናገረው አልጠራም። ሬዲዮ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። እትዬ ተነሡ።

«እኔም አይቼ ፈርሜያለሁ» አሉ። «ደረቱ ሲነሣ አይቻለሁ። አሰልጣኙ ካለ ብዬ ዝም አልኩ። ችኮ ዛሬ እንደገና ትፈተናለች። ኳሷን የምይዘው እኔ ነኝ።»

አለፈች። ሠላሳ ላይ ልጁ ሲያለቅስ አጨበጨቡላት፤ እሷ ግን ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ደቂቃን ከአሰልጣኝነት አነሡት፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ ጤና ጣቢያ ተራ አዋላጅ ሆኖ ተመደበ። ሲሄድ ልትሰናበተው አልወጣችም።

ሦስት ወር። ችኮ በማዋለጃ ክፍሉ ስንቱን ልጅ ተቀበለች። የደቂቃን ስም አታነሣም፤ ሌላ ሰው ሲያነሣው ግን የያዘችውን ታስቀምጣለች። እናቷ ይህን አየች።

«ከጠላሽው እርሺው፤ ካልጠላሽው ሂጂ። መሀል መንገድ ላይ ቆመሽ አላሳልፍ አልሽን» አለቻት።

«ካፈርኩ አይመልሰኝ እማዬ።»

«ይመልስሽማ ነበር፣ ልጄ ባትሆኚ ኖሮ።»

በሦስት ወሩ ሁሉም እንደገና የሚታዩበት ቀን መጣ። እትዬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ኳሷን ለችኮ ሰጧት። በመጨረሻ ሬዲዮ ቀረበች።  ማስኩን ገጠመች፣ ጀመረች፤ ጥሩ ትሠራለች። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።

ችኮ አልጨበጠችም።

እቅድ አልነበራትም። ጣቷ በራሱ ቆመ። ሬዲዮ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ያን ፍርሃት፣ የገዛ እጅን መጠራጠር፣ ሲገባ በግልጽ አየችው። እንዴት ያለች ትንሽ ነገር ናት! እንቁላል የምታህል ጎማ። እንዴትስ ትጣፍጣለች! አንድ። ሁለት። ሦስት ሰከንድ።

ኳሷን ጨበጠቻት። ልጁ አለቀሰ። ሬዲዮም አለቀሰች።

«ያቺን ነገር… ሻይ ቤት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ሬዲዮ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አውቃለሁ። ከአንቺ ሌላ ማን ይላል? አልፈሻል። እጅሽ ጥሩ ነው፣ አፍሽን ጠብቂ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለት ታክሲ ቀይራ ወደ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሄደች። ደቂቃ በር ላይ ቆሞ ለአንዲት ነፍሰ ጡር መድኃኒት ሲያስረዳ አገኘችው። ከስቷል። ሲያያት የያዘውን ወረቀት ለሌላ ሰው ሰጥቶ ረሳው። ሴትየዋ ከሁለቱ መሀል ቆማ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች።

«ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ነው ያልከኝ?»

«አዎ እናቴ፣ አንድ አንድ» አለ ዓይኑን ከችኮ ሳይነቅል።

ሴትየዋ ፈገግ ብላ ሄደች። ችኮ ጊዜ አላጠፋችም።

«ዛሬ ኳሷን ይዤ ለሦስት ሰከንድ አንተን ሆንኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጨበጥኳት። አንተ ሳትጨብጥ ቀረህ። ልዩነታችን ይሄው ነው፤ ትልቅ ነው ብዬ ሦስት ወር ተጣላሁህ። ትልቅ ነው አሁንም። ግን ጥፋትህ የማላውቀው አገር መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤቴ ኖሯል።»

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከለከለችው።

«አትማልልኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ እጠይቅሻለሁ ያልከው ነገር ካለ እናቴ ጋ መጥተህ ትጠይቃለህ። መጀመሪያ ግን ያደረግከውን በራስህ አፍ ትነግራታለህ። ከእኔ አልሰማችም፤ ከሬዲዮ እንጂ ካንተ አልሰማችም።»

በሳምንቱ መጣ። እናትየዋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ሻይ አቀረበችለት፣ አልነካውም። ተናገረ። ምክንያት አልደረደረም፣ ሐሜተኞቹን አልወቀሰም፣ አላለቀሰም። ችኮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ጥፍሯን ትቆረጥማለች። ይህች ሴት አይሆንም ካለች አይሆንም፤ ያንን ከሁሉ ይልቅ ልጇ ታውቀዋለች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ እናቴ።»

እናትየዋ ጉልበቷ ላይ የተኙትን፣ ሳሙና የበላቸውን እጆቿን አየች።

«እዚያ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ። አዲስ የሚመጡት ሁሉ ደም ያለበትን ልብስ በሙቅ ውሃ ይነክሩታል። ያጸዳል ብለው። ሙቅ ውሃ ደምን ልብሱ ውስጥ ያበስለዋል፤ ከዚያ ዘላለም አይለቅም። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሙቅ ሙቁን ይዘህብኝ ትመጣለህ ብዬ ነበር። መማል፣ ማባበል። ቀዝቃዛውን ነው ያመጣኸው። ይለቃል።»

ደቂቃ ሊነሣ ሲል በእጇ አስቀመጠችው።

«አልጨረስኩም። ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው ልጄን የጎዳኻት። ከዛሬ ወዲያ ሰው አትፍራ። እሷን ፍራ።»

«እስካሁንም እፈራታለሁ» አለ።

«እንደሱ አይደለም። ገና ነህ።» ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እሱ ሻዩን አነሣ፤ ቀዝቅዟል፣ ጠጣው። እሷ ከግድግዳው ተላቅቃ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ብዙ ቆዩ፤ ማንም ሰዓት አላየም።

«ሽማግሌ መቼ ልላክ?» አላት በመጨረሻ።

ችኮ ከኪሷ የፈረቃ ወረቀቷን አውጥታ ዘረጋችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሰኞ ቀን። ማክሰኞ ቀን። ሐሙስና አርብ አዳር።

«ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም» አለችው።